ሐይቅ ሁሉ ሰማያዊ ነውን?

ለአንድ ተማሪ ወረቀትና ባለቀለም እርሳሶች ሰጥተን «ሐይቅ ሣል» ብንለው ሳያመነታ የሚያነሣው ሰማያዊውን እርሳስ ነው። ዛፍ ሣል ስንለው አረንጓዴውን፣ ፀሐይ ሣል ስንለው ቢጫውን ያነሣል። ይህን የሚያደርገው ሐይቁን፣ ዛፉንና ፀሐይዋን ተመልክቶ ሳይሆን ስማቸውን ብቻ ሰምቶ ነው። ስሙ ቀለሙን ይነግረዋል፤ እጁም የተነገረውን ይፈጽማል፤ ዓይኑ ግን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

«ታዲያ ይህ ምን ክፋት አለው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ክፋቱ ይህ ነው፤ ሥራ ፈትቶ ያደገ ዓይን፣ ባለቤቱ ተምሮ በሥራ ዓለም ከተሰማራ በኋላም መንደሩን፣ እርሻውንና ወንዙን በስማቸው ብቻ እያወቀ ያልፋቸዋል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሥዕል ይሁን እንጂ ለሠዓሊዎች ብቻ የተጻፈ አይደለም። ተማሪውም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመረው ወጣትም ቢያነበው የሚጠቅመው ይመስለናል።

ሁለት ጎረቤት ሐይቆች

ከላይ የጠቀስነውን ልማድ ለመስበር ከአርባ ምንጭ የተሻለ ትምህርት ቤት በአገራችን መገኘቱ ያጠራጥራል። የጋሞ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በአርባ ምንጭ፣ ሴቻ በሚባለው በላይኛው ሠፈር፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የመለሰ ሰው ሁለት ሐይቆችን ባንድ ጊዜ ይመለከታል። በስተግራው አባያ፣ በስተቀኙ ጫሞ ተዘርግተዋል። በመካከላቸው የሚታየው ከፍ ያለ የመሬት አንገት የእግዜር ድልድይ ይባላል። ከድልድዩ ወዲያ የነጭ ሣር ሜዳ፣ ከዚያም ባሻገር የአማሮ ተራሮች አሉ። ከተመልካቹ እግር በታች ደግሞ ከተማይቱ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች የሚፈልቁበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ይገኛል።

ሁለቱን ሐይቆች የሚሸፍነው ሰማይ አንድ ነው፤ የምታበራላቸውም ፀሐይ አንዲት ናት። ሆኖም የጫሞ ውሃ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ሲያደላ፣ አባያ ግን ወደ ቀይ የሚወስደው ቡናማ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። እንግዲህ በዚያው በሰማያዊ እርሳስ ሁለቱንም ለመሣል ብንነሣ በአንደኛው ላይ በሐሰት መመስከራችን ነው።

አባያ ስፋቱ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ ሙሉ በሙሉ በአገራችን ውስጥ ከሚገኙት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲተያይ አነስተኛ ነው። ብላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላና፣ ሐሬና ሌሎችም ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያመጡትን አፈር ያራግፉበታል። ከዚህ አፈር እጅግ የደቀቀው ክፍል ቶሎ ወደ ሥር አይዘቅጥም፤ በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይቀራል፤ ነፋስም በየጊዜው ይበጠብጠዋል። የአባያ ቀለም ምንጩ ይህ ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ወደዚህ አገር የዘለቀው ጣሊያናዊው አገር አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ፣ አባያን በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ ብሎት ነበር፤ በአውሮፓ ካርታዎችም ላይ ለብዙ ጊዜ በዚሁ ስም ሲጻፍ ቆይቷል። ስሙ ተለወጠ እንጂ ውሃው ቀለሙን አልለወጠም።

ስምና ዓይን የተጣሉበት ጊዜ

ስም የሚነግረውን ትቶ ዓይን የሚያየውን መሣል በአውሮፓም ቢሆን ያለ ጭቅጭቅ የተገኘ ነገር አይደለም። በ1866 ዓ. ም.፣ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874፣ ሠላሳ ያህል ሠዓሊዎች መንግሥት ከሚደግፈው ኤግዚቢሽን ተለይተው፣ ቀድሞ የፎቶግራፍ አንሺው የናዳር ስቱዲዮ በነበረ ቤት በፓሪስ ከተማ የራሳቸውን ትርኢት ከፈቱ። ከመካከላቸው ክሎድ ሞኔ የተባለው ሠዓሊ የለ አቭርን ወደብ በማለዳ የሚያሳይ አንድ ሥዕል አቀረበ። ጉም የሸፈነው ግራጫማ ውሃ፣ ጥቂት ጀልባዎች፣ አንዲትም ትንሽ ብርቱካናማ ፀሐይ ይታዩበታል። ሥዕሉን «ኢምፕረሽን፣ የፀሐይ መውጫ» ብሎ ሰየመው፤ ይህም ዓይን በቅጽበት የተቀበለው ስሜት እንደ ማለት ነው።

ሉዊ ለሯ የተባለው ጋዜጠኛ ሥዕሉ ያላለቀ ሥራ ነው በማለት ከስሙ አንዲት ቃል መዝዞ በትርኢቱ ሁሉ ላይ ቀለደበት። ሠዓሊዎቹ ግን የተሰደቡበትን ስም ለመጠሪያቸው አደረጉት፤ እስከ 1886 እ. ኤ. አ. ድረስም ስምንት ትርኢቶችን አሳዩ። ኢምፕረሽኒዝም የሚባለው የአሣሣል ስልት ስሙን ያገኘው በዚህ አኳኋን ነው።

እነዚህ ሰዎች ምን አዲስ ነገር አመጡ ቢባል፣ ትምህርታቸው በሁለት ነጥብ ሊጠቃለል ይችላል። የመጀመሪያው፣ የአንድ ነገር ቀለም እንደ ብርሃኑ የሚለዋወጥ ስለሆነ ሥዕሉ በዚያው በብርሃኑ ውስጥ ተቁሞ መሠራት አለበት የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጥላ ጥቁር ቀለም ሳይሆን የራሱ ሰማያዊ፣ የራሱ ሐምራዊና የራሱ አረንጓዴ ያለው መሆኑን ማወቅ ነው።

ለዚህም አንድ ቀላል መሣሪያ ረድቷቸዋል። ቀድሞ የዘይት ቀለም ለመያዣ የሚሆነው የአሳማ ፊኛ ነበር፤ እርሱም ቶሎ ይቀደዳል፤ ቀለሙም ይደርቃል። በ1841 እ. ኤ. አ. ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ እየተጨመቀ ቀለም የሚወጣበትን የቆርቆሮ ቱቦ ፈለሰፈ። ከዚያ በኋላ ሠዓሊ ቀለሙን በሣጥን ይዞ ወደፈለገበት ሜዳ ለመውጣት ቻለ። አንዳንድ ጊዜ ታላቅ የአስተሳሰብ ለውጥ የሚጠብቀው አንዲት ትንሽ ቱቦ ኖሯል!

የሸማኔው ዕውቀት

ከዚህ በላይ የተናገርነው ለጋሞ አገር ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። በፓሪስ ጎብለን በተባለው የምንጣፍና የመጋረጃ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ሸቭረል፣ የጥቁሩ ክር ቀለም ደካማ ነው የሚል ስሞታ ቀረበለት። ቢመረምረው ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን ከክሩ አጠገብ የተሠመሩት የሌሎች ክሮች ቀለም መሆኑን አገኘ። ቀለማት ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን እንደሚለውጠው በ1839 እ. ኤ. አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሠዓሊዎች ብዙ ነገር ከዚህ ተምረዋል።

ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻና በዶርዜ ደጋ የሚኖረው ሸማኔም ይህንኑ ነገር በእጁ ያውቀዋል። ሸማኔ ክርን እንደ ቀለም በጥብጦ ሊያደባልቅ አይችልም፤ ማድረግ የሚችለው አንዱን ክር ከሌላው ጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው። ቀዩ ክር ከአረንጓዴው አጠገብ ሲውል ይበልጥ ይቀላል። ቀጫጭን ቢጫና ቀይ ክሮች ተጠጋግተው ሲሠመሩ ከሩቅ ለሚያያቸው ብርቱካናማ ይመስላሉ። ዱንጉዛ በሚባለው የጋሞ ልብስ ላይ ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ እንዲያ ደምቀው የሚታዩት አንዱ ሌላውን ስለሚያጎላው ነው። ኢምፕረሽኒስቱ ሠዓሊም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቀለሙን በሰሌዳ ላይ አብዝቶ አያሽም፤ ንጹሑን ቀለም ከንጹሕ ቀለም ጎን በአጫጭር የብሩሽ ምት ያኖርና ማደባለቁን ለተመልካቹ ዓይን ይተውለታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህም ሥራ ይስማማል። ስለዚህ የአርባ ምንጭ ተማሪ ኢምፕረሽኒዝምን ለመማር ሲያስብ አስቀድሞ የአንድን ጥለት ጠርዝ ከቅርብም ከሩቅም ሆኖ ቢመረምር መልካም ጅምር ይሆንለታል።

ሥራው እንዴት ይጀመራል?

ለጀማሪ ትንሽ ሸራ ይበቃዋል፤ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ባንድ ቁጭታ ሊሸፈን ይችላል። የተዘጋጀ ሸራ ቢታጣ አቡጀዲ በእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥሮ፣ ዘይቱ ጨርቁን እንዳይበላው አስቀድሞ ነጭ መደብ ቀብቶ ማድረቅ ነው። ከቀለም በኩል ነጭ፣ ኡልትራማሪንና ኮባልት የሚባሉት ሁለት ሰማያዊዎች፣ ደማቅ ቢጫ፣ ኦከር የሚባለው የአፈር ቢጫ፣ ደማቅ ቀይ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው አሊዛሪን፣ እንዲሁም የተቃጠለ ሲዬና የሚባለው ቀይ ቡናማ ካሉ ከበቂ በላይ ነው። ጥቁሩ ቀለም ቤት ይቅር። ኡልትራማሪንና የተቃጠለው ሲዬና ሲደባለቁ ሕይወት ያለው ጥቁረት ይሰጣሉ።

ነጩን ሸራ በስሱ ሲዬና በአኳራጅ አቅጥኖ መቀባት ለአባያ ሥዕል በጣም ይስማማል። ነጭ ሸራ በፀሐይ ላይ ዓይን ያጭበረብራል፤ ከዚህም በላይ በብሩሽ ምቶቹ መካከል እየሾለከ የሚታየው ቀይ አፈር ሥዕሉን ሁሉ አንድ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ዓይንን በከፊል መጨፈን ነው። ዓይን ሲጠብ ቅጠሉና ቅርንጫፉ ይጠፋና ታላላቆቹ ክፍሎች ብቻ ይቀራሉ፤ ሰማዩ፣ የአማሮ ተራሮች፣ ሁለቱ ውሃዎች፣ ድልድዩና ደኑ። እነዚህን ስድስት ክፍሎች በሰፊ ብሩሽ፣ ቀለሙን አቅጥኖ፣ በየቦታቸው ማኖር የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከሁሉ የጨለመው የትኛው ነው? ከሁሉ የበራውስ? የእነዚህ የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ትክክል ከሆነ ሥዕሉ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ወፍራሙ ቀለም ይከተላል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከሥር ቀጭን፣ ከላይ ወፍራምና ዘይት ያለው ይሁን። ዘይት የበዛበት ቀለም ከሥር ሆኖ ቶሎ የሚደርቀው ከላይ ከዋለ ሥዕሉ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። የውሃው ብሩሽ አግድም ይሂድ፤ የደኑ ብሩሽ አጭርና ልዩ ልዩ አቅጣጫ ያለው ይሁን። የአማሮ ተራሮች በእርግጥ ዛፍም ሣርም አላቸው፤ ነገር ግን በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ብዙ አየር ሰማያዊ አድርጎ ያሳየናል። ስለዚህ አረንጓዴውን ለእግራችን ሥር ደን እንቆጥበው። በሐይቁ ላይ የምትንሳፈፍ የአሣ አጥማጅ ጀልባ ብትኖር አንዲት የብሩሽ ጠብታ ትበቃታለች፤ ቀዛፊውን ለመሣል የሚጣጣር ሰው ሐይቁን ያጣዋል።

የቀለሙ ዘይት ያው ገበሬያችን የሚያመርተው የተልባ ዘይት ነው። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየሩ ኦክሲጅን እየወሰደ ይጠነክራል እንጂ። በዚህም ምክንያት ስሱ ቅብ በጥቂት ቀናት ሲይዝ፣ ወፍራሙ ውስጡ እስኪጠነክር ብዙ ወራት ይፈጃል። ብሩሽ የተጠረገበት ዘይታም ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ይከደን።

ሰዓትና ብርሃን

እስካሁን የተናገርነውን የሰማ ትጉህ ተማሪ «እንግዲያው አባያን ቡናማ፣ ጫሞን ሰማያዊ አድርጌ እሥላለሁ» ይል ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። «አባያ ቡናማ ነው» ማለትም እንደ ቀድሞው ስም ሊሆንብን ይችላል!

ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ከአማሮ ተራሮች ጀርባ ብቅ ስትል ብርሃኑ ፊት ለፊት ወደ ሠዓሊው ይመጣል። በዚያን ጊዜ ውሃ የራሱን ቀለም ደብቆ እንደ መስተዋት የሰማዩን ቀለም ይመልሳል። አባያም ጫሞም ብርማ፣ ጽጌረዳማ ወይም ወርቃማ ይሆናሉ፤ ልዩነታቸውም ይጠፋል። ድልድዩና ተራሮቹ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ጥላ ብቻ ሆነው ይታያሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ከሠዓሊው ጀርባ ትሆንና የውሃው መስተዋትነት ይቀንሳል። ያን ጊዜ አባያ አባያን፣ ጫሞም ጫሞን ይመስላል። ወደ ማታ፣ ፀሐይ በስተኋላ ወዳሉት ወደ ጋሞ ተራሮች ስትጠጋ፣ ጥላው መጀመሪያ ከተማውንና ደኑን ይሸፍናል፤ አማሮ ግን ገና እንደ ፍም ይቀላል። በዚህ አኳኋን አንድ ቦታ ባንድ ቀን ውስጥ ሦስት አገር ይሆናል።

አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ6 ዲግሪ ላይ የምትገኝ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ቀጥ ብላም ትጠልቃለች። ሞኔ በሣለበት በለ አቭር ግን ፀሐይ በስላች ስለምትወጣ የንጋቱ ብርሃን ይዘገያል። የእኛ አገር ሠዓሊ ንጋትን ሊይዝ ቢፈልግ ከፈረንሣዊው ይልቅ መፍጠን አለበት። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ቀለሙን በጨለማ አዘጋጅቶ መጠበቅ፣ ብርሃኑም ሲለወጥ ብሩሹን ማስቀመጥ ይኖርበታል። በ4 ሰዓት ብርሃን የ1 ሰዓትን ሥዕል የሚያርም ሰው ሁለቱንም ያበላሻል።

ሞኔ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ የታወቀ ነው። ደራሲው ጊ ደ ሞፓሳን እንደ ጻፈው፣ ሞኔ በኤትረታ የባሕር ዳርቻ ሲሠራ ያንኑ አንድ ቦታ በልዩ ልዩ ሰዓት የሚያሳዩ አምስትና ስድስት ሸራዎች የተሸከሙ ልጆች ይከተሉት ነበር፤ ብርሃኑ ሲለወጥ አንዱን ትቶ ሌላውን ያነሣል። ሞኔ ብዙዎቹን ሸራዎች ቤቱ ገብቶ ማስተካከሉ እውነት ነው፤ ለጀማሪ ግን ይህን አንመክርም። ቤት ውስጥ የሚጠብቀን ዓይን ሳይሆን ስም ነውና።

ማዕበልና አዞ

በ1885 እ. ኤ. አ. ሞኔ በዚያው በኤትረታ ሥራው ላይ ተመስጦ ሳለ የባሕሩን መሙላት ልብ ሳይል ቀርቶ ማዕበል ከገደሉ ጋር አላግቶታል፤ እርሱ ቢተርፍም ዕቃውን ውሃ ወስዶበታል። በአባያና በጫሞ ዳር ደግሞ ከማዕበል የሚብስ ነገር አለ። የኩልፎ ወንዝ ጫሞ ውስጥ በሚገባበት አካባቢ ያለው ሥፍራ የአዞ ገበያ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይኑን በሸራው ላይ ተክሎ ጀርባውን ለውሃ የሰጠ ሠዓሊ ለአዞ መልካም ሲሳይ ነው። ስለዚህ ሥዕል ከአፋፉ ላይ ይሠራ፤ ወደ ዳር መውረድ ያማረው ቦታውን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ይውረድ።

የራስን አገር በራስ ዓይን

የዘይት ቀለም ትምህርት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ሠዓሊ አገኘሁ እንግዳ ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ ፓሪስ ተልከው ተምረዋል። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ደግሞ በ1940ዎቹ ዓ. ም. የተማሩት በቺካጎው የሥነ ጥበብ ተቋም ነው፤ በዚያው ተቋም ሙዚየም ውስጥ ሞኔ በልዩ ልዩ ሰዓትና ወቅት የሣላቸው የእህል ክምሮች ይገኛሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1950 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። የእህል ክምርን ለማየት ኢትዮጵያዊ ቺካጎ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ በየአውድማው ሞልቷል። እንዴት እንደሚታይ ለመማር ግን መሄዱ ጠቅሟል።

ይሁን እንጂ ትምህርቱን ከመልኩ መለየት ተገቢ ነው። የለ አቭርን ጉም አምጥቶ በአባያ ላይ የሚያለብስ ወጣት፣ ሰማያዊውን እርሳስ ካነሣው ሕፃን አይሻልም። ያኛው «ሐይቅ» የሚለውን ስም ሣለ፤ ይኼኛው «ኢምፕረሽኒዝም» የሚለውን ስም ሣለ። ሁለቱም አባያን አላዩትም።

ቡናማው ቀለም ምን ይላል?

የተቃጠለው ሲዬና ብረት ያለበት አፈር በእሳት ተቃጥሎ የሚሠራ ቀለም ነው። ስለዚህ አባያን የሚሥል ሰው አፈርን በአፈር እየሣለ ነው ማለት ይቻላል። ብሩሹን በዚያ ቀለም በነከረ ቁጥር «ይህ አፈር ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከብላቴ ማዶ ካለው ማሳ፣ ከሲዳማ ኮረብታ፣ ከጋሞ ደጋ የመጣ ነው። ከውሃው ላይ ውበት ሆኖ የሚታየው ቀለም በደጋው ላይ የአንድ ገበሬ የእርሻ ጉድለት ነው። የጋሞ ገበሬዎች በድንጋይ እርከን ተዳፋቱን ሲያስሩ፣ እንሰቱንም በየደጃቸው ሲተክሉ የኖሩት ይህን ጠላት ስለሚያውቁት ነው።

በግብርና ወይም በውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት የተመደበ አንድ ወጣት ስለ አፈር መሸርሸር ብዙ ገጽ ሪፖርት ሊያነብ ይችላል፤ ማንበቡም ግዴታው ነው። ነገር ግን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ የአባያንና የጫሞን ቀለም ጎን ለጎን ለመለየት የታገለ ሰው፣ ሪፖርቱ ላይ «ደለል» የምትለዋን ቃል ሲያገኝ ቃሏን ብቻ አያነብም፤ ቀለሟን ያያል። ቀለሟን ያየ ሰው ደግሞ ወረቀቱን ፈርሞ ወደ ሌላው ለመሻገር እንደ ድሮው አይቸኩልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥዕሉ ሳያምር ይቀር ይሆናል። የመጀመሪያው ሸራ ለማንም አያምርም፤ እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል። ወጣቶቻችን በአንድ ቦታ ቆመው ጧት አንድ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ፣ ማታም አንድ ሥዕል ይሞክሩ፤ ሦስቱንም ከግድግዳ አስደግፈው ጎን ለጎን ይመልከቷቸው። ሦስቱ ከተለያዩ ዓይናቸው ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ከሆኑ ግን ቀለም ጨምሮ መግዛት አይረዳም፤ ወደ አፋፉ ተመልሶ እንደገና ማየት ነው እንላለን።